ትዝታን ያስቸኮሉ ኮርዶች

ሂስ የሚጽፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሌላውን ጥፋት ይዞ ነው የሚነሳው። እኔ ዛሬ የራሴን ይዤ ተነስቻለሁ። ይህን አንባቢ ከመጀመሪያው ይወቅልኝ፤ ኋላ «ለራሱ ሲሆን ለዘብ አለ» እንዳልባል።

ነገሩ የሆነው ላንጋኖ ነው። ቅዳሜ ጧት ከአዳማ ተነስተን፣ በሞጆ ታጥፈን፣ መቂን፣ ባቱን (ዝዋይን)፣ ቡልቡላን አልፈን፣ ስምንት ተማሪዎች በአንድ ሚኒባስ ተጨናንቀን ሐይቁ ዳር ደረስን። ውሃው እንደ ልማዱ የወተት ሻይ መስሏል። ዋኘን፣ ተከራከርን፣ በላን፤ ሲመሽ ደግሞ ያረፍንበት ቤት አዳራሽ ውስጥ አንድ ኪቦርድ አየን። ከመካከላችን አንዱ ወዳጄ ኪቦርድ ይጫወታል። በምረቃችን ምሽት ትዝታ እንዲጫወት የተመደበውም እሱ ነው። ኮርዶቹን ጽፌ የሰጠሁት ግን እኔ ነኝ። ሁለት ሳምንት የለፋሁባቸው፣ በልቤም «ከእንግዲህ ትዝታ ሠለጠነ» ያልኩባቸው ኮርዶች ናቸው።

ወዳጄ መጀመሪያ «ኦተም ሊቭስ» የሚባለውን የጃዝ ዜማ ተጫወተ። ቤቱ ጸጥ አለ፣ ከዚያም አጨበጨበ። ቀጥሎ ትዝታን በእኔ ኮርዶች ተጫወተ። አሁንም ተጨበጨበ። በመስኮቱ በኩል ከቤተሰባቸው ጋር የተቀመጡ አንድ አዛውንት ግን ወዳጄን በእጃቸው ጠሩትና፣

«እጅህ ይባረክ ልጄ። ግን ትዝታዬን አስቸኮልክብኝ» አሉት።

«ጋሼ፣ እኮ ቀስ አድርጌ ነው የተጫወትኩት» አለ ወዳጄ።

«ፍጥነቱን አላልኩም። ገና አንዱን ሳስታውስ፣ ተነስ ወደ ቤት እንሂድ ትለኛለህ።»

በቃ፣ ይህን ብለው ወደ ምግባቸው ዞሩ። ወዳጄ ሳቀ። እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም። እኚህ ሰው ኮርድ ምን እንደሆነ የሚያውቁ አይመስለኝም፤ ዳሩ ግን የኮርዶቼን ጥፋት ከእኔ ቀድመው ሰምተውታል። ፍጥነቱ ካልሆነ ያስቸኮላቸው ምንድን ነው? ይህች ጽሑፍ የዚያች ጥያቄ መልስ ፍለጋ ናት።

እስቲ ከጨበጨብንለት ዜማ እንጀምር። «ኦተም ሊቭስ»ን የደረሰው ከሃንጋሪ መጥቶ ፓሪስ የኖረው ጆሴፍ ኮስማ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1945። የፈረንሳይኛውን ግጥም ዣክ ፕሬቬር ጻፈ፤ በፈረንሳይኛ ስሙ «ሙት ቅጠሎች» እንደ ማለት ነው። እንግሊዝኛውን ጆኒ መርሰር ጻፈው። ከዚያ በኋላ ዜማው ከባለቤቶቹ እጅ ወጥቶ ስታንዳርድ ሆነ፤ ይኸውም የትኛውም የጃዝ ተጫዋች፣ የትም አገር፣ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ቆሞ ሊጫወተው የሚችል የጋራ ዜማ ሆነ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ካነንቦል አደርሊ ከማይልስ ዴቪስ ጋር የቀረጸው እስከ ዛሬ ለተማሪ ሁሉ እንደ መማሪያ ነው።

ታዲያ ተጫዋቾቹ የሚጋሩት ዜማውን ብቻ አይደለም። ከስሩ ያለውን የኮርድ ቅደም ተከተል ነው። ኮርድ ሦስት ወይም አራት ድምፅ አንድ ላይ መምታት ነው፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ዋናው ጥያቄ ግን አንዱ ኮርድ ለምን ሌላውን ይጠራል? የሚለው ነው። ለቀላልነት ዜማውን ወደ ዶ እናምጣው። መጀመሪያ የሬ ማይነር ኮርድ ይመጣል፣ ቀጥሎ የሶል ሰባተኛ፣ ከዚያ የዶ ሜጀር። በሶል ሰባተኛ ውስጥ ሶል፣ ሲ፣ ሬ እና ፋ አሉ። ምሥጢሩ ያለው በፋና በሲ መካከል ነው። ከፋ እስከ ሲ ሦስት ሙሉ እርምጃ ነው፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲመቱ ጆሮ አይረጋም። ሲ ግማሽ እርምጃ ወደ ላይ ወጥታ ዶ መሆን ትፈልጋለች፤ ፋም ግማሽ እርምጃ ወርዳ ሚ መሆን ትፈልጋለች። ዶና ሚ ደግሞ የዶ ኮርድ ናቸው፣ ማለትም ቤት። እንግዲህ ሶል ሰባተኛ ማለት ደጃፍ ላይ ቆሞ ቁልፍ እንደሚፈልግ ሰው ነው። ሳይገባ አያርፍም።

«ኦተም ሊቭስ» ይህን ሁለት ጊዜ ያደርጋል። ከሬ ማይነር፣ በሶል ሰባተኛ፣ ወደ ዶ ይገባል፤ ይህ ብሩሁ ቤት ነው። እዚያ ግን አይቀመጥም። በፋ በኩል ያልፍና ሲ ላይ ወደ ቆመ አንድ የሻከረ ኮርድ፣ ከዚያ ወደ ሚ ሰባተኛ፣ በመጨረሻ ወደ ላ ማይነር ይገባል፤ ይህ ደግሞ ጨለም ያለው ቤት ነው። ዜማው በላዩ ምን እንደሚሠራ ልብ በሉ። እያንዳንዷ ሐረግ ሦስት እርምጃ ትወጣና አንድ ረጅም ድምፅ ላይ ታርፋለች። እነዚያ ረጃጅም ድምፆች በተርታ ፋ፣ ሚ፣ ሬ፣ ዶ ናቸው። አንድ አንድ እርምጃ ይወርዳሉ፣ ልክ እንደ ቅጠሏ። ሌላም አለ፦ አራቱም በሚያርፉበት ኮርድ ውስጥ ሦስተኛ ድምፅ ናቸው። ፋ የሬ ሦስተኛ፣ ሚ የዶ ሦስተኛ፣ ሬ የሲ ሦስተኛ፣ ዶ የላ ሦስተኛ። ኮርዱ ሜጀር ይሁን ማይነር፣ ብርሃን ይሁን ጨለማ የሚለየው ሦስተኛው ድምፅ ነው። ስለዚህ ዜማው በየእረፍቱ የኮርዱን ስሜት በጣቱ ይነካል። ይህ ጥበብ ነው፤ ባርኔጣዬን አነሳለሁ።

የዚህ ዜማ ናፍቆት እንግዲህ መንገደኛ ናፍቆት ነው። ይሄዳል፣ ይደርሳል፣ ተነስቶ እንደገና ይሄዳል፤ የሚያሳዝነውም በመጨረሻ የሚደርስበት ቤት ከተነሳበት የጨለመ መሆኑ ነው። ያለ ኮርዶቹ ዜማው ግማሽ ነው።

አሁን ወደ እኔ ጥፋት።

ወዳጄ የተጫወተው ሜጀር ትዝታ አምስት ድምፅ አለው፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። (የፒያኖ ቁልፍ የክራርን ክር በትክክል እንደማይተካ አውቃለሁ፤ ለክርክሩ ሲባል እንለፈው።) አንባቢ ቆጥሮ ከሆነ የጎደሉትን አግኝቷል። ፋ የለም። ሲ የለም። ያ ጆሮ የማያሳርፈው ጥንድ፣ ያ ቁልፍ ፈላጊ፣ በትዝታ ቤት ውስጥ ጭራሽ አልተፈጠረም። ከአምስቱ ድምፆች ስንት ባለ ሦስት ድምፅ ኮርድ ይሠራል ብላችሁ ብትሞክሩ ሁለት ብቻ ታገኛላችሁ፤ የዶ ሜጀርና የላ ማይነር። እነሱም ዶንና ሚን ይጋራሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው መሄድ ከቤት ቤት መሄድ አይደለም፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ወንበር መቀየር ነው።

ትዝታም ሲጫወት ወደ መነሻ ድምፁ ይመለሳል፤ አይመለስም አላልኩም። ግን ተገፍቶ አይመለስም። ዘፋኙ ሲበቃው ይመለሳል። ባለ ማሲንቆው አንድ ክሩን ይዞ የድምፁን ጥላ ይከተላል እንጂ «ና ግባ» አይለውም። ክራሩም በትዝታ ሲቃኝ ፋና ሲ የሚባል ክር የለውም።

እኔ ምን አደረግኩ? ከ«ኦተም ሊቭስ» የተማርኩትን መንገድ እንዳለ አምጥቼ ከስሩ ነጠፍኩት። በየሐረጉ መጨረሻ ሬ ማይነር፣ ሶል ሰባተኛ፣ ዶ። የዜማው ቀኝ እጅ በሰላም ተቀምጦ ያስታውሳል፤ ግራ እጅ ደግሞ ፋና ሲን ከውጭ አስገብቶ «ተነስ፣ ደርሰናል፣ እንግባ» ይላል። አዛውንቱ የሰሙት ይህን ነው። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ለማሳመር ብዬ ሚ ሰባተኛ ከትቼበታለሁ። ሚ ሰባተኛ ውስጥ ሶል ሻርፕ አለ፤ ትዝታው ደግሞ ሶል ይላል። ሁለቱ ተላተሙ። እኔ ይህን «ጃዝ ነው» ብዬ ተርጉሜው ነበር። ጃዝ አልነበረም፤ ካለማዳመጥ የመጣ ነበር።

እዚህ ላይ ወዳጄ አንድ ተገቢ ጥያቄ አነሳብኝ። «ታዲያ ለኢትዮጵያ ዜማ ኮርድ ክልክል ነው ልትል ነው?» አለኝ። አይደለም። እንዲያ የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ቅኝቶቹን አንድ በአንድ ያላዩ ይመስለኛል። ሜጀር ባቲን እንውሰድ፦ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ። ፋም ሲም በቤቱ አሉ! በትዝታ ላይ በጉልበት ያስገባሁት ሶል፣ ሲ፣ ፋ ለባቲ የራሱ ልጆች ናቸው። ስለዚህ ባቲ ወደ ቤት የሚገፋ ኮርድ ቢጫንበት ያን ያህል አይጮህም። አምባሰል ሌላ ነው፦ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት። እዚያ የፋ ማይነርና የሬ ፍላት ሜጀር ኮርዶች ይገኛሉ፤ በዶ ላይ የቆመ ኮርድ ግን የለም። መነሻው ድምፅ ራሱ ኮርድ አልባ ነው። አንቺ ሆዬ ደግሞ፣ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ፣ በዶና በሶል ፍላት መካከል ያንኑ ሦስት ሙሉ እርምጃ ይዟል፤ ማለትም ዕረፍት የሚነሳው ጥንድ በመነሻው ድምፅ ላይ ተቀምጧል። አራት ቅኝት፣ አራት ጠባይ። «የኢትዮጵያ ዜማ ኮርድ ይቀበላል» ወይም «አይቀበልም» ብሎ በጅምላ መፍረድ ስንፍና ነው።

ደግሞስ ነገሩን የጀመርነው እኛ አይደለንም። ነርሲስ ናልባንዲያን በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ እ.ኤ.አ. በ1955 በተከፈተው ቤት፣ የአገራችንን ዜማ ለኦርኬስትራ ሲያቀናብሩ ይኸው ጥያቄ ገጥሟቸዋል። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ (1923–2023 እ.ኤ.አ.) በፒያኖ ብቻቸውን ተቀምጠው ሲጫወቱ ግራ እጃቸው ኮርድ ይመታል። ግን ያደምጠዋል እንጂ አያዝዘውም፤ ቀኝ እጃቸው ሲዘገይ ግራው ቆሞ ይጠብቃል። ያንን መጠበቅ የትኛውም የኮርድ መጽሐፍ አይጽፈውም።

ጥያቄውን እስከ ሥሩ የወሰደው ግን ሙላቱ አስታጥቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 ጅማ ተወልዶ፣ በዌልስ፣ በለንደን፣ ቀጥሎም ቦስተን በርክሊ ተምሯል። ስለዚህ ሶል ሰባተኛ ወዴት እንደሚሄድ ከማናችንም በላይ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1966 ኒው ዮርክ ላይ ከኢትዮጵያ ኩዊንቴቱ ጋር የመጀመሪያ ሸክላዎቹን አወጣ፤ በ1972 «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» መጣ፤ በ1974 ደግሞ በአምሃ እሸቴ ድርጅት «የካቲት ኢትዮ ጃዝ» ታተመ። ዓለም በሰፊው የሰማው ግን ዘግይቶ ነው፤ በ1998 «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ አራተኛ ቅጽ ሲወጣ፣ ከዚያም በ2005 የጂም ጃርሙሽ ፊልም ሙዚቃውን ሲጠቀም።

«የግሌ ትዝታ»ን እንስማ። ቤዙ አንዲት ሐረግ ይይዛል፤ ይደጋግማል፤ አይለቅም። ወደ ቤት የሚገፋ ኮርድ ጠብቀን ጠብቀን አይመጣም። በላዩ የነፋስ መሣሪያዎቹ ቅኝቱን ይዘው ይገባሉ። የጃዙ ቀለም አለ፣ ሶሎ አለ፣ የላቲን ምት አለ፤ መንገዱ ግን የለም። ሙላቱ ከጃዝ ያመጣው የመንገዱን ካርታ ሳይሆን የመንገደኛውን ነጻነት ነው። እኔ የተገላቢጦሹን አደረግኩ፤ ካርታውን አምጥቼ ነጻነቱን ረሳሁ።

አንድ ነገር ግን ለፍትሕ ሲባል መነገር አለበት። ሙላቱ ይህን ያደረገው ጃዝን ተቃውሞ አይደለም፤ ጃዝ ራሱ እዚያው መንገድ ላይ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1959 ማይልስ ዴቪስ «ካይንድ ኦፍ ብሉ»ን ሲቀርጽ፣ የመጀመሪያው ሥራ በ32 ባር ውስጥ ሁለት መቆሚያ ብቻ ነበረው፤ አሥራ ስድስት ባር በሬ፣ ስምንት ከፍ ብሎ በሚ ፍላት፣ ስምንት ተመልሶ በሬ። በዚያው ዓመት ጆን ኮልትሬን «ጃይንት ስቴፕስ»ን ቀረጸ፤ እዚያ ኮርዶቹ እንደ ደራሽ ውሃ ይወርዳሉ። አንድ ዓመት፣ ሁለት ጫፍ፤ በማይልስ ሥራ ላይ የነፋውም ራሱ ኮልትሬን ነው። ስለዚህ «ኮርድ መቀያየር ጃዝ ነው፣ መቆም ባህላዊ ነው» የሚለው ክፍፍል፣ እኔም የኖርኩበት ክፍፍል፣ ከጥንቱም ሐሰት ነው።

ለሙላቱም ቢሆን ጭብጨባ ብቻ አይበቃም። መቆም የራሱ አደጋ አለው። ቤዙ እየተደጋገመ፣ ቅኝቱ እየተዟዟረ፣ ምንም የሚከፈልበት ነገር ሳይኖር አሥር ደቂቃ የሚያልፍበት ጊዜ አለ። በተለይ ከ1998 ወዲህ በየአገሩ የበቀሉት አስመሳዮች ይህን ያባብሱታል፤ ቅኝቱ ጌጥ ሆኖ ይቀራል፣ ጨለም ያለ ቡና ቤት ውስጥ ለጨዋታ ማጀቢያ። ትዝታ ሲያስቸኩሉት እንደሚከፋው ሁሉ፣ የሚያስታውሰው ነገር ሲያጣም ይከፋዋል። ሙላቱን ከአስመሳዮቹ የሚለየው፣ የቆመበት ቦታ ላይ መጠበቅ ማወቁ ይመስለኛል፤ ቪብራፎኑን አንዴ መትቶ ድምፁ እስኪያልቅ ዝም ማለት መቻሉ።

ወደ ላንጋኖ እንመለስ። እሁድ ጧት ከወዳጄ ጋር ግራር ስር ተቀምጠን ያን ወረቀት አወጣን። ግራሩ ቅጠሉን እያራገፈ ነበር፤ እዚህ ቅጠል የሚረግፈው በብርድ ሳይሆን በድርቅ ነው፣ ያም ቢሆን እንደ ፓሪሱ በወርቅ ቀለም አይደለም፣ እንደ አቧራ ነው። ሬ ማይነርን ሰረዝኩ። ሶል ሰባተኛን ሰረዝኩ። ሚ ሰባተኛን ሁለት ጊዜ ሰረዝኩ። ግራ እጅ ዶና ሶል ብቻ እንዲይዝ፣ ሦስተኛውን ድምፅ ለዜማው እንዲተውለት ተስማማን። ላ ማይነር አንዳንዴ ይገባል፣ ወንበር ለመቀየር ያህል። አንድ ቦታ ብቻ፣ ዜማው በሁለት ሐረግ መካከል ጸጥ በሚልበት፣ ፋና ሲን አንድ ጊዜ አስገባን፤ ከዚያ መልስ ሳንሰጣቸው ዝም አልን። ወደ ቤት የሚያስገባው ራሱ ዜማው ይሁን ብለን ነው።

አዳራሹ ገብቶ ሞከረው። ሲጨርስ ፊቱን አኮማተረ። «አሁን ደግሞ ባዶ ሆነብኝ» አለ። «እጄ ሥራ ፈታ።»

እውነቱን ነው። ባዶ ነው። እኔም ፈራሁ። በምረቃው ምሽት ከሁለት መቶ በላይ ሰው ፊት፣ ብዙ ኮርድ ያላቸው ዘፈኖች መካከል፣ ያ ባዶነት ድህነት መስሎ ይሰማ ይሆን? «ሁለት ኮርድ ብቻ ነው የሚያውቁት» ይሉን ይሆን? የቀድሞው ወረቀት ቢያንስ መማራችንን ያሳይ ነበር። ችግሩም ይኸው ነው ጓደኞቼ፤ ኮርዶቼ ለትዝታ ሳይሆን ለእኔ ነበሩ የተጻፉት። የተማርኩትን እንዲያሳዩልኝ ነበር የምፈልገው። አንድ ዜማ የማያስፈልገውን ነገር ሁሉ ስናሸክመው፣ ዕዳው የእኛ ነው፣ ሸክሙ የእሱ።

አዛውንቱን ፈልገን አዲሱን ልናሰማቸው ነበር። ጧት በማለዳ ወደ ሻሸመኔ ሄደዋል አሉን። ስለዚህ ፍርዱ ወደ እናንተ ዞሯል። በምረቃው ምሽት ኑና ስሙ። ዓይናችሁን ጨፍኑ። ግራ እጁ «እንሂድ» ካላችሁ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ወዳጄን አትንኩብኝ። ዝም ካላችሁና አንድ ነገር ካስታወሳችሁ ግን፣ ስለ ኮርዱ አታንሱ። ያስታወሳችሁትን ጻፉልን።